የማይቀጠፈው በሶብላ

ጎረቤቴ ጋሼ ፌርማታ ዕድሜያቸውን ሙሉ አውቶቡስ ነዱ። መንገድ ላይ እጁን ያነሳን ሁሉ ሳያሳፍሩ ማለፍ ስለማይሆንላቸው የወጣላቸው ስም ከጡረታ በኋላም አልለቀቃቸውም። ጡረታ በወጡ በዓመቱ ሐኪም ጨው ከለከላቸው። ሚስታቸው እትዬም "አንተ ያልቀመስከውን እኔ አልቀምስም" አሉና የጨው ዕቃቸውን አምጥተው ለእኔ ሰጡኝ።

ሐኪሙ ታዲያ "ምግቡን በቅጠላ ቅጠል አጣፍጡት" ብሎ ነበር። ኅዳር ገብቶ ውጭ ያለውን ተክል ሁሉ ውርጭ መትቶታል። ስለዚህ ጋሼ በሶብላና ጦስኝ በባዶ የዘይት ቆርቆሮ ዘርተው ከሳሎኑ መስኮት ሥር ደረደሩ። ለእነሱ ቦታ ሲባል ሶፋው በሩ ላይ ተገትሮ እንግዳ ሁሉ በጎን እየተሹለከለከ ይገባል። ጠዋት ፀሐይ መኝታ ቤት ስትገባ ቆርቆሮዎቹ ወደ መኝታ ቤት፣ ከሰዓት ደግሞ ወደ ሳሎን ይጋዛሉ። "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ቦታ አለ!" ሲሏቸው በግድግዳው እሰማለሁ።

በሶብላው ሲፋፋ ግን ሌላ ጣጣ መጣ። ጋሼ ወደዱት። እትዬ መቀስ ይዘው በተጠጉ ቁጥር መሃል ገብተው ይቆማሉ።

"ትንሽ ይጠንክር እንጂ!"

"ከአንተ በላይ ጠንክሯል። ለምግብ ነው የዘራኸው ወይስ ልትድረው?"

"ነገ።"

የጋሼ ነገ ማለቂያ የለውም። እትዬም ትዕግሥታቸው አለቀና ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ቤት ብቅ ማለት ጀመሩ። ድንች እቀቅላለሁ፤ እሳቸው ያንኑ የራሳቸውን ጨው ይነሰንሱበታል። ቤታቸው ሲመለሱ "ጠግቤያለሁ" ነው። ጋሼ ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ ያለ እትዬ እህል አይወርድላቸውም። ሱሪያቸው በቀበቶም አልቆም አለ።

አንድ ቀን ጋሼ ሳያንኳኩ እኔ ቤት ገቡ።

"ልጄ፣ እህል አልቀምስም አለችኝ። ደብቃኝ ታማ ይሆን?"

ዓይናቸው ከኋላዬ ወዳለው ጠረጴዛ ሄደ። እትዬ ጉንጫቸውን በድንች ሞልተው ተቀምጠዋል። አሁን ጉድ ፈላ አልኩ። ጋሼ ግን "እንኳን አልታመምሽ" ብለው ወንበር ላይ ዘፍ አሉ።

እትዬ እንደምንም ዋጡና፣ "በሽታዬማ አንተ ነህ" አሉ። "ለአንተ ብዬ ጨው ተውኩ። አንተ ግን አንድ ቅጠል ነፈግከኝ።"

ጋሼ ተነስተው ወጡ። ቆየት ብለን ተከትለናቸው ስንገባ በሶብላውን ከሥሩ ሙልጭ አድርገው ቆርጠው፣ ጦስኙንም ደርበው፣ እሳት ላይ በጣዱት የሾርባ ድስት ውስጥ ከተውታል። ኧረ ጥቂት ቅጠል ይበቃ ነበር! ዓይናቸው ቀልቷል፤ ቤቱ ውስጥ ግን ሽንኩርት አልተከተፈም። በጣም አሳዘኑኝ።

ሾርባውን ቀመስኩት። እውነቱን ለመናገር፣ ሳር ነው። ሁለተኛ ማንኪያ አላነሳሁም።

እትዬ ግን ጋሼ አጠገብ ቁጭ ብለው ሳህኑን ጠርገው በሉና መልሰው ዘረጉት።

"ጨምርልኝ።"

ጋሼ ጨመሩላቸው። ከዚያ ሌላ ሳህን አነሱና የራሳቸውንም ቀዱ።