ያጠፋ ይጀምር

መስታወት ቆራጩና ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ ሲጣሉ ጎረቤት አይገላግላቸውም ነበር። ምን በወጣው! ማታ መቁጠሪያቸውን ይዘው ሲንበረከኩ ራሳቸው ይታረቃሉ። በቤታቸው አንድ ሕግ ነበር፤ ያጠፋ ይጀምር። የዕለቱ ጥፋተኛ «ጸጋን የተሞላሽ ማርያም ሆይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን» ብሎ የጸሎቱን የፊት ግማሽ ይላል፤ የተበደለው ደግሞ «ቅድስት ማርያም የእግዚአብሔር እናት ሆይ» ብሎ የቀረውን ይመልሳል። መለሰ ማለት ይቅር አለ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ ስላለፈው ነገር የሚያነሳ የለም።

ታዲያ ነገሩ ቀላል እንዳይመስላችሁ። ሴትዮዋ ምላሷ መቀስ ነው፤ ባልየው ደግሞ ካኮረፈ አኮረፈ ነው። አንድ ጊዜ እሷ ትጀምራለች፣ ደግማ ትጀምራለች፣ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ዝም። «አንተ ሰው፣ ጉልበቴ አለቀ እኮ!» ስትለው ሳቁ አመለጠውና መለሰላት። ሌላ ጊዜ ሁለቱም እኩል ጀመሩና መላሽ ጠፋ፤ ያኔ ትንሽ የነበረችው ልጃቸው ከአልጋዋ ላይ ሆና መለሰችላቸው።

መቁጠሪያው ራሱ ስንት ጊዜ ተበጥሶ ስንት ጊዜ ተጠግኗል። እሷ በወፍራም የስፌት ክር ሰክታዋለች፤ በጠፋችው ፍሬ ቦታም አንዲት ነጭ የሸሚዝ ቁልፍ አስገብታለች። እሱ ጣቱ ቁልፏ ላይ ሲደርስ «ይቺ ደግሞ የኔዋ ናት» እያለ ያሾፍባት ነበር።

እርጅና መቼም አይቀርም፣ የባልየው እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መስታወት ደግሞ ለሚንቀጠቀጥ እጅ አያዝንም። ዛሬ አውራ ጣቱን፣ ነገ መዳፉን በጨርቅ ጠምጥሞ ይቀመጣል። ሚስቱ ብትለምነው፣ ብትቆጣው፣ ወይ ፍንክች! አንድ ቀን ጠዋት ከቤት እስኪወጣ ጠበቀችና የመቁረጫ ጠረጴዛውን ለሰፈሩ አናጢ ሰጠችው።

ሲመለስ ባዶውን ቦታ ቆሞ አየ። «ከነነፍሴ ቀበርሽኝ» አላት።

ምላሷ አላርፍ አላት። «የተቀበረ ሰው አይነጫነጭም። በል አርፈህ ተኛ!»

መቀሷን ከስፌት መኪናው ላይ አንስቶ በመስኮት ወረወረው። በትዳራቸው ዕቃ ሲወረውር የመጀመሪያው ነበር፤ ራሱም ደንግጦ እጁን ያይ ጀመር። እሷ እየተራገመች መቀሷን ልትፈልግ ወደ ጓሮ ወጣች። ስትመለስ ወለሉ ላይ ተዘርግቶ፣ አፉ ወደ አንድ ጎን ተጣሞ አገኘችው።

ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈስሶ ነበር። ቀኝ ጎኑ አልታዘዝ አለው፤ ንግግሩም ጠፋ። ሐኪሙ ደግ ሰው ነውና «ተስፋ አይቁረጡ እናቴ» አላት። «በቃል የተያዘ ነገር፣ መዝሙርም ይሁን ጸሎት፣ አንዳንዴ ሳይታሰብ ይመጣል።»

ይህን ቃል እንደ መድኃኒት ይዛ ገባች። አልጋውን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ አስጠጋች። ማታ ማታ ትንበረከክና፣ አርፈህ ተኛ ያለች እሷ ናትና፣ ትጀምራለች። ጨርሳ ፊቱን ታያለች። እሱ ከንፈሩን ግጥም ያደርጋል፣ ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል፣ በደህናው እጁ ፍራሹን ይመታል። በማግስቱም ያው ነው።

«እምቢ አለኝ» አለች ለልጇ። «አባትሽ ይቅር አይለኝም።»

«እማዬ፣ መናገር አይችልም እኮ!»

«ራሱን መነቅነቅ ግን ይችላል።»

አናጢውን ለምና ጠረጴዛውን አስመለሰች። ባሏ ሲያየው ዕንባው በጉንጩ ወረደ፤ ደስ አላት። ማታ ስትጀምር ግን አሁንም ራሱን ነቀነቀ።

ቄሱ ቁርባን ይዘው ሲመጡ በር ላይ ይዛቸው አለቀሰች። «አባ፣ ባሌ እንዲህ እየገፋኝ ጸሎቱ ምን ዋጋ አለው?»

«ልጄ፣ እመቤታችን ከልጇ መስቀል ሥር ምን ማድረግ ቻለች? ቆመች እንጂ። መቁጠሪያም ሌላ ነገር አይደለም፤ ምንም ማድረግ ሲያቅተን እሷ አጠገብ መቆም ነው። ቢገፋሽም ቁሚ።»

ቆመች፣ ቆመች፤ ሰው ናትና ደከማት። አንድ ቀን መሸት ሲል ለሰው ቀጠሮ የያዘችበትን ቀሚስ እየሰፋች፣ ፊቷን ሳታዞር «ዛሬስ አልጀምርም፣ በቃኝ» አለችው። መኪናውን በእግሯ ታንቀጫቅጨዋለች። በጫጫታው መሃል አንድ ድምፅ ሰማች። እግሯን ከፔዳሉ አነሳች።

«ጸ... ጸጋን...»

እሱ ነው! በግራ እጁ መቁጠሪያውን ይዟል፤ ቁልፏን በጣቱ ጨብጧታል። «ጸጋን የተሞላሽ ማርያም ሆይ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን...» እየተኮላተፈ፣ እየወደቀ እየተነሳ፣ «የማኅፀንሽም ፍሬ ኢየሱስ የተባረከ ነው» እስኪል ድረስ አደረሰው። ከዚያ ዓይን ዓይኗን አያት።

አቤት! ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ይቅር አልልም ማለቱ አልነበረም። አንቺ አትጀምሪ፣ መቀሱን የወረወርኩት እኔ ነኝ፣ ተራው የኔ ነው ማለቱ ነበር። አፉ እስኪታዘዝለት ነበር የሚታገለው።

እሷስ ምን አደረገች? ደስታ አሳበዳት። «ተናገረ! ኧረ ልጄ፣ አባትሽ ተናገረ!» እያለች ጓሮ ልብስ ወደምታሰጣው ልጇ ሮጠች። እጇን ይዛ እየጎተተች ስትመለስ፣ ባሏ ዓይኑ በር በሩን እያየ ቀርቷል። መቁጠሪያው እጁ ውስጥ ነበር። ትንፋሹ ግን የለም።

ከቀብሩ በኋላ እናትና ልጅ ከባዶው አልጋ አጠገብ ተንበረከኩ። እናት መቁጠሪያውን ይዛ ጣቷን ቁልፏ ላይ አሳረፈች። ከዚያ «ቅድስት ማርያም የእግዚአብሔር እናት ሆይ፣ ስለ እኛ ስለ ኃጢአተኞች፣ አሁንም በሞታችንም ጊዜ ለምኝልን» አለች። ወደሚቀጥለው ፍሬ አልፋ ደግሞ ያንኑ አለች።

«እማዬ፣ ከመሃል እኮ ነው የምትዪው» አለች ልጇ በቀስታ። «እኔ ልጀምርልሽ?»

«ተዪ ልጄ። አባትሽ ጀምሯል። ሳልመልስለት የቀረሁት እኔ ነኝ።»