ሃምሳ አራት ኪሎ አሸዋ

በድሩን መጠርጠር የጀመርኩት በወተት ጣሳ ነው። ትንሽ ልጅ በሌለበት ቤት የዱቄት ወተት ጣሳ ምን ያደርጋል? ያውም ከጅቡቲ በመጣ ባቡር፣ ያውም በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ያውም ሰውየው እንደ እንቁላል እየተጠነቀቀ ደረቱ ላይ አቅፎት። ወተት ቢሆን ኖሮ እንዲያ አይታቀፍም ብዬ ያዝኩበት።

እኔ ማዘንጊያ እባላለሁ። በ1973 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ ለገሃሬ አካባቢ የቀበሌያችን አብዮት ጥበቃ ነበርኩ። መጠርጠር ሥራዬ ነበር ብል ይቀለኛል፤ ግን ልዋሽ አልፈልግም፣ ከሥራው በፊትም አመሌ ነበር። ልጅ ሆኜ እናቴ ወጥ ስታወጣ የወንድሞቼን ሳህን አይቼ ሳልጨርስ የራሴን አልነካም። በዚያ ላይ የሶማሊያ ጦርነት ካለፈ ገና ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ሰው ሁሉ የጎረቤቱን ኮቴ ይቆጥር ነበር። ስለዚህ ቀበሌው ጠመንጃ ሲያሸክመኝ አዲስ ነገር አልተማርኩም፤ ቤት ውስጥ የማደርገውን ደጅ ወጥቼ ማድረግ ጀመርኩ እንጂ።

በድሩ የምድር ባቡር ወርክሾፕ የቶርኖ ሠራተኛ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ብረት ሲቀርጽ ይውላል። ሃምሳ ሊሞላው ጥቂት የቀረው፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ልጆቹ ትዳር ይዘው ወጥተዋል። ግቢው ውስጥ የቀሩት እሱና ሚስቱ ሃዎ፣ አንዲት ክሬም ቀለም ሰይቸንቶ ፊያትም ነበሩ። ሰይቸንቶን የሚያውቅ ያውቃታል፤ ሞተሯ ከኋላ፣ የዕቃ ቦታዋ ከፊት፣ ረጅም ሰው ሲገባባት ጉልበቱን አገጩ ሥር የምታስቀምጥ መኪና ናት። ግቢያቸውን ከእኛ ግቢ የሚለየው የቆርቆሮ አጥር ነው፤ ቆርቆሮ ደግሞ ቀዳዳ አያጣም።

ድሬዳዋ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሥራ የለም። ሱቁ ይዘጋል፣ የሚተኛው ይተኛል፣ የሚቅመው ጫቱን ይዞ ፍራሹ ላይ ጋደም ይላል። በድሩ የሚነሳው ያኔ ነው። ይሰግዳል፣ ምሳውን ይበላል፣ ከዚያ ማንጎው ዛፍ ሥር የመኪናዋን ኮፈን ከፍቶ እስከ ትከሻው ይገባበታል። ከተማው በሙሉ በተጋደመበት ሰዓት የሚሠራ ሰው እንዲታይ የማይፈልግ ሰው ነው አልኩ። እኔ በዚያ ሰዓት ጫቴን ይዤ በርጫ ላይ ነኝ። ያየሁትን ሳሰላስል፣ ያላየሁትን ስጨምርበት፣ ሦስት ሰዓት ሙሉ ነበረኝ።

ጣሳው ሲከፈት የወጣው ካርቡራተር ነበር። አዲስ፣ የመኪናዋን አሮጌ እጥፍ የሚያህል። መጀመሪያ አፈርኩ፤ ቀጥሎ ግን ነገሩ ከወተቱም ባሰብኝ። ቤንዚን በኩፖን በሚታደልበት፣ እሁድ እሁድ የቤት መኪና ከደጅ በማይወጣበት ዘመን፣ መኪናውን ቤንዚን ጠጪ የሚያደርግ ሰው ወዴት ሊሄድ ነው?

በሳምንቱ የሞተሯን ክዳን፣ ቴስታታ የሚሉትን፣ ፈትቶ በጨርቅ ጠቅልሎ ወርክሾፕ ወሰደው። ሲመልሰው ታችኛው ፊቱ ተልጎ ያብረቀርቅ ነበር። ከዚያ የጭስ ማውጫዋን ጥሎ ወፈር ያለ ቱቦ ገጠመላት፤ ስትነሳ ታስነጥስ የነበረች መኪና አሁን ማጉረምረም ጀመረች። ይባስ ብሎ የኋላ ወንበሯን ነቅሎ አወጣው። ትርፍ ጎማውን፣ ክሪኩን፣ የበሮቿን የውስጥ ልባስ ሳይቀር አራገፈ። ወንበሩ በረንዳ ላይ ተቀመጠና ሃዎ ሽንኩርት ስትልጥ ትቀመጥበት ጀመር። እኔ ግን ባዶ የቀረውን ቦታ ነበር የማየው። ስንት ጥቅል የኮንትሮባንድ ልባሽ ጨርቅ፣ ስንት ካርቶን ሲጋራ እንደሚይዝ አስልቼ ጨርሻለሁ።

አንድ ቀን አጥሩን ዞሬ ገባሁ።

«ጓድ በድሩ፣ ይቺን መኪና ምን እያደረግካት ነው?»

«ጉልበት እየጨመርኩላት።»

«ለምን?»

«ስለደከማት» አለና ወደ ብሎኑ ተመለሰ።

ሃዎ ከበረንዳው፣ «አቦ ማዘንጊያ፣ ፀሐይ ላይ ምን ይገትርሃል፣ ና ሻይ ጠጣ» አለችኝ። ሻዩን ጠጣሁ። ለምን እንደጋበዘችኝም ጠረጠርኩ።

ከዚያ አሸዋው መጣ። በድሩ ከደቻቱ ወንዝ አሸዋ በጆንያ ተሸክሞ ገባ። ከሱቅ የእህል ሚዛን ተውሶ ማንጎው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀለና ጆንያውን አንጠለጠለበት። በዚያች የዱቄት ወተት ጣሳ አሸዋ ይጨምራል፣ ያያል፣ ጥቂት ይቀንሳል፣ እንደገና ያያል። እኔ ቀዳዳዬ ላይ ዓይኔ እስኪያለቅስ ድረስ ቆምኩ። ሚዛኑ ሃምሳ አራት ላይ ሲረጋ የጆንያውን አፍ ሰፋው። ከዚያ ከሾፌሩ ጎን ባለው ወንበር ላይ ቀጥ አድርጎ አስቀምጦ በገመድ አሰረው። ወርቅ እንኳ እንዲያ አይመዘንም።

በማግሥቱ የይለፍ ወረቀት አውጥቶ በሐረር መንገድ ሄደ። ኬላ ላይ የሚሠራው ጓደኛዬ ሲያድ ማታውኑ መጥቶ ነገረኝ፤ ሰውየው ደንገጎን ወጣ፣ ጫፉ ላይ ዞረ፣ ከነጆንያው ተመልሶ ወረደ። ደንገጎ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚያወጣው አቀበት ነው፤ ኩርባው ስንቱን ከባድ መኪና አስቁሞ አስለቅሷል። አሸዋ እዚያ ድረስ አውጥቶ መልሶ የሚያወርድ ጤነኛ ሰው አለ? ሌሊቱን ሳልተኛ አደርኩና ጠዋት ሊቀመንበራችን ወልደጻድቅ ዘንድ ሪፖርት አደረግኩ።

በድሩ ከነጆንያው ቀበሌ ቀረበ። ጆንያውን ቀደድነው። አሸዋ ነው። ወልደጻድቅ በጣቱ ነክቶ ቀመሰውና ምራቁን ተፋ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለው።

«ክብደት። መኪናዋ አቀበት ትችል እንደሆነ ልሞክር ነው።»

«የምን ክብደት? የማን?»

በድሩ አንገቱን ደፋ። እኛን፣ ጠረጴዛው ዙሪያ የተሰበሰብነውን ስድስት ወንዶች፣ አንድ በአንድ አየና ዝም አለ። ደጋግመን ጠየቅነው፤ አንድ ቃል አልወጣውም። ዝምታው እንደ እምነት ቃል ተቆጠረበት። መኪናዋን ለመውረስ ግን ማስረጃ አጣን፤ ስለዚህ ወልደጻድቅ ውሳኔ ጻፈ። ከዚህ በኋላ ይቺ መኪና ያለ አጃቢ ከከተማ አትወጣም። አጃቢውም ማዘንጊያ ነው። ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ።

ወር ሳይሞላ፣ በሚያዝያ አንድ ረቡዕ ጠዋት፣ በምድር ባቡር ስልክ መልእክት መጣ። የሃዎ አባት ሐረር ላይ ንጋት ላይ አርፈዋል። ቀብሩ ከዙህር፣ ከቀትሩ ሶላት፣ በኋላ ነው፤ በእስልምና ሬሳ አይቆይም። የጠዋቱ አውቶቡስ ሄዷል። በድሩ ከወርክሾፕ በሩጫ መጣ፤ ወልደጻድቅን ፈልገን፣ ማኅተሙን የያዘውን ሰው ፈልገን፣ ይለፉ እጃችን ሲገባ አራት ሰዓት ሆነ። ሃዎ በሩ ላይ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ ነበር። ዓይኗ ደርቋል። አባቷ የሞተባት ሴት ለምን አታለቅስም ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነበርኩ።

መኪናዋ ሁለት ወንበር ብቻ ነበራት። ሾፌሩን በቅርብ መቆጣጠር አለብኝ ብዬ ከፊት እኔ ተቀመጥኩ። ሃዎ ከኋላ፣ ወንበር በሌለበት ቆርቆሮ ላይ፣ የታጠፈ ብርድ ልብስ አንጥፋ ተቀመጠች። እኔ ያኔ ከነጠመንጃዬ ዘጠና ኪሎ እሞላለሁ።

እውነቱን ልናገር፣ እስከ ደንገጎ እግር ድረስ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰይቸንቶ እንዲያ ትሄዳለች ብሎ ማን ያምናል? አንድ ጭነት መኪና አልፈን ሄድን፤ ሾፌሩ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ተመለከተን። በድሩ ግን ፈገግ እንኳ አላለም። ጆሮው ሞተሩ ላይ፣ ዓይኑ የሙቀት መለኪያዋ ላይ ነበር። አቀበቱን ጀመርን። አንዱን ኩርባ ወጣን፣ ሌላውን ወጣን። ከአጋማሹ አልፈን ጫፉ ሲታየን መርፌዋ ቀዩ ላይ ደረሰች፤ ከኋላ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። በድሩ ጠርዝ ላይ አቆመ።

«ማዘንጊያ» አለኝ፣ ሳያየኝ። «ከዚህ በላይ ሦስት ሰው አትችልም። ውኃው እስኪበርድ ብንጠብቅ ዙህር ያልፈናል። ወንድሜ፣ አንተ ውረድልኝ። ከኋላ ያለፍነው ጭነት መኪና ይጭንሃል። ሐረር እንገናኝ።»

ስጠብቀው የነበረው ቃል ይሄ ነበር። ለማምለጥ ያሰበ ሰው አጃቢውን ምን ይለዋል? ውረድ ነው የሚለው። ወራት ሙሉ የተለፋው፣ ካርቡራተሩ፣ አሸዋው፣ ሁሉም ለዚች ደቂቃ ነው ብዬ ደመደምኩ።

«አልወርድም» አልኩ። ጠመንጃዬን ጉልበቴ መሃል አጠበቅኩ።

በድሩ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ከኋላዬ የሃዎ ድምፅ መጣ።

«ተወው በድሩ። እኔ እወርዳለሁ። መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ወንበሬን ገፋ አድርጋ ወጣች። ጫማዋን አወለቀችና በእጇ ያዘች፤ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ዳገቱን በባዶ እግሯ ተያያዘችው። ያ አስፋልት በሚያዝያ ፀሐይ እንዴት እንደሚያቃጥል እኔ አውቃለሁ። ግን ያኔ ያሰብኩት ሌላ ነው፤ መንገዱን ከየት ታውቀዋለች?

እኛ አልፈናት ጫፉ ላይ ወጣንና ቆምን። በድሩ ኮፈኑን ከፍቶ ጥቂት አየና ወደ እኔ መጣ።

«እዚህ ቁጭ በልልኝ። በመኪናዋ ወርጄ ላምጣት። አንተ እዚህ ከቀረህ ሁለታችንን ትችላለች።»

«ቁልቁል?» አልኩት። ቁልቁል ድሬዳዋ ነው፤ ከድሬዳዋ ወዲያ የጅቡቲ መንገድ ነው። ቁልፏን ነቅዬ ኪሴ ከተትኩ።

በድሩ ኪሴን አየ። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሎ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ ሳልጠይቀው ተናገረ።

«እናቷ የሞተችው የዛሬ አምስት ዓመት ነው። ያኔም በዚችው መኪና ነበር የመጣነው። አሁን የወረደችበት ኩርባ ላይ መኪናዋ ቆመችብን። ሃዎ ጫማዋን አውልቃ በእግሯ ወጣች፤ ስንደርስ እናቷን ቀብረው ተመልሰዋል። ፊቷን ሳታይ ቀረች። ለአባትሽ እንዲህ አይሆንም ብዬ ቃል ገባሁላት።»

«አሸዋውስ?» አልኩት።

«ሃዎ ናት። ሃምሳ አራት ኪሎ ናት። እኔና እሷ ከወጣን ይበቃ ነበር፤ ሞክሬው ነበር፣ መርፌዋ ንቅንቅ አላለችም።»

«ቀበሌ ስንጠይቅህ ለምን አልተናገርክም?»

«የሚስቴን ኪሎ? በስድስት ወንድ ፊት?» አለኝ። ጥያቄዬን በእውነት የነውር ጥያቄ አድርጎ ነበር የሰማው። የገዛ አባቴም ቢሆን በእናቴ ኪሎ ላይ አፉን አይከፍትም ነበር፤ ያንን ማወቅ የነበረብኝ ያኔ ጠረጴዛው ዙሪያ ነበር።

ቁልፉን አውጥቼ ዘረጋሁለት። «ሂድ፣ አምጣት» አልኩ።

«ደርሳለች» አለ።

ሃዎ ኩርባውን ዞራ ብቅ ብላ ነበር፤ ጫማዋ በእጇ፣ ከንፈሯ ነጥቶ። ቀጥታ ወደ መኪናዋ ገባች። ከፊት እንድትቀመጥ ብነሳ ጊዜ የለም ብላ እዚያው ቆርቆሮው ላይ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲያ መንገዱ ሜዳ ነው፤ በድሩ እንደዚያ ቀን ሲነዳ አይቼው አላውቅም።

ሐረር የአባቷ ደጃፍ ስንደርስ ወንዶቹ ከቀብር እየተመለሱ እጃቸውን ይታጠቡ ነበር። ሃዎ ያንን ውኃ አየች። እዚያው ቆመችና ድምፅ አውጥታ አለቀሰች፤ ጠዋት ያላለቀሰችውን ሁሉ አለቀሰች። እኔ ጠመንጃዬን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ግድግዳ ጥግ ተቀምጬ ሳለሁ ሰው በሳህን ሩዝ አመጣልኝ። «ሃዎ ናት የላከችው፤ ያ ሰውዬ ከጠዋት ጀምሮ አልበላም ብላ» አለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ጥርጣሬ የበላሁት ምግብ እሱ ነው።

ያን ቀን ሁለቱን እዚያው ትቼ በአውቶቡስ ተመለስኩ። ለወልደጻድቅ ተጠርጣሪው ለማምለጥ አልሞከረም ብዬ ጻፍኩ። ሌላ የምጽፈው ነገር ነበረኝ፤ የሚጠይቀኝ ግን አልነበረም።

እነሱ ከሐዘን ሲመለሱ በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው። ልማድ ነው፣ ቶሎ አይለቅም። በድሩ ከስድስት ሰዓት በኋላ ማንጎው ሥር ወጣ። የኋላ ወንበሯን ከበረንዳው አንስቶ መልሶ ገጠመው። አዲሱን ካርቡራተር ፈታ፣ በቤንዚን አጥቦ በጨርቅ አደረቀው፣ በዚያችው የወተት ጣሳ ከትቶ ክዳኗን ዘጋ። ከእንግዲህ ሐረር ላይ የሚያስቸኩላቸው ሰው አልነበረም።