ለዚያ ቀን የተቀመጠች ኳስ

«አንቺ ልጅ፣ ሰው አንዴ በቃኝ ስላለ ሳህን ይነሳል?»

እናቴ ናት፣ ባለፈው እሑድ፣ እንግዶች ፊት። ሳህኑን ያነሳሁት ከጋሼ መስፍን ፊት ነበር። ትንሽ ዓይብ ልጨምርልዎት ስላቸው ቀና ሳይሉ «በቃኝ፣ ተባረኪ» አሉ። አነሳሁ። ከቤተ ክርስቲያን አብረዋት የመጡት ሴቶች ተያዩ። አንዷ «ምን ታድርግ፣ ስዊድን ያሳደጋት!» ብላ ሳቀች።

አውቄ ነው ያነሳሁት። የጋሼ መስፍን ቀኝ እጅ አይሠራም፤ ከትከሻው ጀምሮ እንደ እርጥብ ፎጣ ተንጠልጥሏል። በሰው ገበታ በግራ እጅ መብላት ያሳፍራቸዋል። ሹካ ሲቀርብላቸው ደግሞ ሴቶቹ «ኧረ በሞቴ» እያሉ እንደ ሕፃን ሊያጎርሷቸው ይሻማሉ። ስለዚህ ሰው ቤት አይበሉም። የዛሬው «በቃኝ» እውነተኛ በቃኝ ነው። የድሮው ግን አልነበረም፤ እኔን እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ያ የድሮው ነው።

አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። የምንኖረው ሃግሴትራ፣ ባቡሩ መጨረሻ የሚያራግፍበት ሰፈር ነው። ከፎቆቹ ጀርባ ጫካው ከመጀመሩ በፊት አንድ የቤዝቦል ሜዳ አለ። ስዊድን ውስጥ ቤዝቦል የሚያውቀው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ አንድ አውቶቡስ ቢሳፈር ወንበር ይተርፋል። ቢሆንም ጋሼ መስፍን እዚያ አውቶቡስ ውስጥ ንጉሥ ነበሩ። በልጅነታቸው ከአዲስ አበባ ስዊድን ወዳለው አጎታቸው መጥተው፣ እዚያው ሜዳ ላይ አድገው፣ የሰፈሩን ክለብ ሻምፒዮን ያደረጉ ወርዋሪ ናቸው። ፒዛ ቤቱ ግድግዳ ላይ ፎቷቸው ተሰቅሏል፤ በእኛ ሰፈር ከዚያ በላይ ዝና የለም። ኳሳቸው ቀጥ ብላ ትመጣና መቺው ዱላውን ሲያወዛውዝ ድንገት ቁልቁል ትወድቅ ነበር ይላሉ ያዩት።

እኔን ያገኙኝ የወደቀ ፖም እየለቀምኩ የመብራት እንጨት ስደበድብ ነው። ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልችልም ነበር፤ አሁንም የትም መቀመጥ አልችልም። ቆመው አዩኝና «ክንድሽ ደህና ነው፣ አፍሽስ?» አሉኝ። «አፌ ምን ሆነ?» አልኳቸው። «እሱን ነው የምልሽ» ብለው ሳቁ።

ያን በጋ ሙሉ አስተማሩኝ። የገረመኝ ግን አንድም ቀን ወርውረው አለማሳየታቸው ነው። ጣቶቼን ኳሷ ስፌት ላይ በግራ እጃቸው ያስተካክላሉ፣ በአፋቸው ይነግሩኛል፣ ወገቤን እንዴት እንደማዞር ወገባቸውን አዙረው ያሳያሉ። ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው። አንድ ቀን ሰለቸኝ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ለምን አይወረውሩም? ረሱት እንዴ?»

አግዳሚው ላይ ተቀምጠን ከጫካው የለቀምነውን የብሉቤሪ ፍሬ እየበላን ነበር። ጥርሳቸው ሰማያዊ ሆኗል። «ትከሻዬ አጥንት ውስጥ ዕጢ አለ» አሉኝ፣ የአውቶቡስ ሰዓት እንደሚናገር ሰው። «ነሐሴ መጨረሻ ሁዲንጌ ሆስፒታል ገብቼ ያወጡታል፤ ከጡንቻው ጋር ነው የሚወጣው። እጁ ይኖራል፣ ከእንግዲህ ግን አይወረውርም። ሐኪሟ እስከዚያ አጥንቱ እንዳይሰበር ምንም እንዳትወረውር ብላኛለች። ለመንኳት። አንዴ ብቻ አለችኝ።»

«ታዲያ አሁን ይወርውሩዋ!»

«አሁንማ ለማን?» አሉ። ክለቡ ሜዳውን በስማቸው ሊሰይም ቀን ቆርጦ ነበር፤ ከሆስፒታሉ ቀጠሮ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ። «አንድ ኳስ ቀርታኛለች። ለዚያ ቀን አስቀምጫታለሁ። መቺ ቆሞ፣ ሰው እያየ።» ለክለቡ ሰዎች ስለ ሕመሙ እንዳልናገር አስማሉኝ። በከንፈር መምጠጥ መሸኘት አልፈልግም አሉ።

ቀኑ ደረሰ። ካፊያ ነበር፣ ጫካው እንጉዳይ እንጉዳይ ይሸታል። እናቴና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ትልቅ ድፎ ዳቦ ይዘው መጡ፤ ስዊድኖቹ ግሉተን አለው ወይ ብለው ጠየቁ። ቋሊማ ይጠበስ ነበር። ጋሼ መስፍን ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ከሥር ግን የስፖርት ጫማ አድርገው ቆመዋል። ጫማውን ሳይ ገባኝ። ለመወርወር ነው የመጡት።

የክለቡ ሊቀመንበር ላሴ አንገቱ ቀይ፣ ልቡ ደግ ሰው ነው። ንግግር አደረገ፣ ስማቸው የተጻፈበትን ሰሌዳ ገለጠ፣ አጨበጨብን። ከዚያ ማይኩን እንደያዘ ዞረ።

«መስፍን፣ የመክፈቻውን ኳስ ትወረውርልናለህ?»

መቺው ቆሟል። ተቀባዩ ጓንቱን ዘርግቷል። ጋሼ መስፍን ፈገግ ብለው ግራ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ፣ አንገታቸውን ሰበር አድርገው፣ በስዊድንኛ «አይ አይ፣ አመሰግናለሁ። ወጣቶቹ ይወርውሩ» አሉ።

የእኛ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ እምቢ ሲል «ለምነኝ» ማለቱ ነው። እናቴ ብትሆን «እንዴት ተደርጎ!» ብላ ክንዳቸውን ትጎትት ነበር። ላሴ ግን «ኦኬይ» አለ። «ክብሩን ለሌላ ሰጠ! እንዲህ ያለ ትሑት ሰው አይታችኋል?» ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እምቢ ስላሉ ተጨበጨበላቸው።

ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ኖረው ስዊድን ሁለቴ እንደማይጠይቅ ሳያውቁ ቀርተው ነው? ያውቃሉ። ቆይተው ነግረውኛል፤ ሌሊቱን ሙሉ «ያ፣ ገርና»፣ «አዎ፣ በደስታ» ለማለት ሲለማመዱ አድረዋል። አፋቸው ግን በመጀመሪያው ጥያቄ እሺ ማለትን አልተማረም።

ከማዘጋጃ ቤት የተጋበዘች አንዲት ፖለቲከኛ ኳሷን ተቀብላ ወደ መወርወሪያው ጉብታ መራመድ ጀመረች። ተረከዙ ሹል የሆነ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። አልቻልኩም። ሮጬ ማይኩ ጋ ደረስኩና በስዊድንኛ «ይፈልጋሉ! ለጨዋነት ነው እንጂ ይፈልጋሉ! እንደገና ጠይቃቸው!» ብዬ ጮህኩ።

ላሴ ደነገጠ። «እውነት ነው፣ መስፍን? ትፈልጋለህ?»

ጋሼ መስፍን ፊታቸው ጠቆረ። ያ ሁሉ ሰው ፊት፣ የፈለገውን እምቢ ያለ ሰው ሆነው ሊቆሙ ነው። «አይ፣ ልጅቷ ቀልደኛ ናት» አሉ። ሰው ሳቀ። ላሴም ሳቀ፣ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ። ሴትየዋ ወረወረች። ኳሷ ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ሣር ላይ ወደቀች፣ ተንከባልላ ቆመች። ለእሷም ተጨበጨበ።

እናቴ ክንዴን ይዛ «አዋረድሻቸው» አለችኝ በጥርሷ መሃል። እስከ ዛሬ አልተቀበልኳትም። ዝም ብልም ያው ነበር። ብናገርም ያው ሆነ።

ሰው ሲበተን ጓንቴን አድርጌ ተቀባዩ ቦታ ላይ ተቀመጥኩ። «ለእኔ ይወርውሩ፣ ጋሼ። ማንም የለም።» ጉብታው አጠገብ ቆመው ኳሷን በግራ እጃቸው ትንሽ አሽከረከሯት። «ኳሷ ለዚያች ሰዓት ነበረች» አሉ። «ሰዓቷ አልፏል።» ኳሷን በእጄ ሰጥተውኝ የቀረውን ድፎ ዳቦ ለእናቴ ተሸክመው ወደ ቤት ሄዱ፤ በዚያው በሚታመመው እጃቸው።

ሰኞ ሁዲንጌ ገቡ። እንደተባለው ሆነ። ከዚያ ወዲህ ሜዳውን ረግጠው አያውቁም። ሰሌዳው አለ፣ ዝናብ ቀለሙን አጥቦታል፣ «መስፍን» የሚለው ይነበባል። ወርዋሪ አልሆንኩም፤ ሥራም ቤትም ስቀያይር ነው የኖርኩት። እሑድ እሑድ ግን እናቴ ጋ ስመጣ አጥሩ ላይ እወረውራለሁ። ያቺ ቁልቁል የምትወድቀዋ እስከ ዛሬ አልመጣችልኝም፤ የሚያርመኝ የለም።

እንግዲህ ባለፈው እሑድ፣ እናቴ ሳህኑን መልሳ ፊታቸው ስታስቀምጥ፣ እኔ ቆሜ ነበር።

«ጋሼ፣ ሜዳው ድረስ እንሂድ? እኔ ልወርውር፣ እርስዎ ስህተቴን ይንገሩኝ።»

«ብርድ ነው፣ ልጄ።»

«የእናቴን ሻርፕ እሰጥዎታለሁ። ቅርብ እኮ ነው። እንሂድ።»

«ሌላ ጊዜ ይሁን።»

እናቴ ዓይኗን አፈጠጠችብኝ።

«በሞቴ፣ ጋሼ» አልኳቸው። በሕይወቴ ለማንም ብዬው አላውቅም። «በሞቴ ይነሱ።»

ቀና ብለው አዩኝ። ግራ እጃቸው ጠረጴዛው ላይ እንደተዘረጋ ነበር፤ ደረታቸው ላይ አልወጣም።

«አይ» አሉ።

ጃኬቴን ለበስኩ፣ ጓንቴን ከበሩ ሥር አንስቼ ብቻዬን ወደ ሜዳው ወጣሁ።