መኪናውን አስነሳሁ፣ በሩ ተቆለፈብኝ

ዛሬ መኪናዬ አልነሳ ስትለኝ፣ በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ቤሩት፣ አሽራፊዬ ሰፈር የቤት ሠራተኛ ሳለሁ የተከፈለኝ ውለታ ትዝ ብሎኝ ደሜ ፈላ!

አንድ ጠዋት አሠሪዬ ሚስተር መኪናው አልነሳ ቢለው፣ "ትናንት ስታጥቢው ውሃ አስገባሽበት!" ብሎ ጮኸብኝ።

አባቴ ደሴ ውስጥ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። "ሚስተር፣ መብራቱን አብራና ቁልፉን አዙር" አልኩት። ሲያዞረው መብራቱ ድርግም አለ።

"ችግሩ ባትሪው ጋ ነው" ብዬ ኮፈኑን አስከፈትኩ። የባትሪው ገመድ ማሰሪያ ላልቶ ነጭ ዝገት ለብሷል። በኩሽና ቢላ ፍቄ አጠበቅኩት። "ያላ፣ አዙረው!" አልኩት፤ ተነሳ።

ሹክረን፣ አመሰግናለሁ ያለኝ የለም። ሚስቱ፣ ማዳሜ፣ "መኪና የምታውቅ ሠራተኛ ትጠፋለች" ብላ፣ ኮንትራቴ እስኪያልቅ በወጡ ቁጥር በሩን ከውጭ ቆለፈችብኝ።

ያኔ መንዳት እንኳ አልችልም ነበር እኮ!

እናንተስ እህቶቼ፣ የትኛው ሙያችሁ ነው እንደ ወንጀል የተቆጠረባችሁ?