ግራ እግሩን ያነሳው አንበሳ

ለሐኪም ቀጠሮ "አልሄድም" ብሎ ያስቸገረኝ ጉልበቴ፣ አሶሳ ስለው ምንም ሳይል ተከተለኝ። ባለቤቴ ይህን አይታ፣ "በሽታህ መንገድ ይመርጣል ማለት ነው?" አለችኝ። እኔ ካልሲ እየፈለግሁ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጌ ሳንቲምና ሜዳይ እሰበስባለሁ። የምኒልክን ብር የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ በአንድ ፊቱ ንጉሡ፣ በሌላው አንበሳ አለ። ቀደም ብሎ በተመታው ላይ አንበሳው ግራ እግሩን ያነሳል፤ ኋላ በተመታው ላይ ቀኙን። ቀኙ አለኝ፣ ግራው የለኝም። አልበሜ ላይ ለግራው ቦታ ክብ አድርጌ ቆርጬ ካዘጋጀሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ወዳጄና ባላንጣዬ ጌታሁን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ፒያሳ ሻይ ቤት አልበማችንን ዘርግተን ስንቀመጥ፣ ጣቱን በዚያ ቀዳዳ ይከትና "በዚህ ንፋስ ይገባል እኮ፤ አትደፍነውም?" ይለኛል። እሱም እንደ እኔ ቀኙ እንጂ ግራው የለውም። ግን ቀዳዳ አልቆረጠም፤ ብልጥ ነው።

ታዲያ በአዲሱ ክልል አንድ ቢሮ ተመድቦ አሶሳ የገባው የእህቴ ልጅ ተሾመ ደብዳቤ ጻፈልኝ። "ጋሼ፣ መንጌ ገበያ አንዲት ወርቅ ገዢ እንደ ሚዛን ድንጋይ የሚጠቀሙበት ብር አለ። አንበሳው ግራ እግሩን አንስቷል። በዓይኔ አይቻለሁ።" ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በአራተኛው ሸሚዜን እያጠፍኩ ነበር። ቀኙን ሰጥቼ ግራውን ልቀበል ወሰንኩ፤ ቀኙ ሌላ ጊዜም ይገኛል። ብሬን እንደ ልማዴ በአመድና በሎሚ ፈትጌ እንደ መስታወት አበራሁት፣ በመሐረብ ጠቅልዬም ደረት ኪሴ ውስጥ በመርፌ ቁልፍ ቆለፍኩበት።

ነቀምት፣ የመጀመሪያው ቀን

ከአውቶቡስ ተራ ንጋት ላይ ተነሳን። የደረሰኝ ወንበር የኋላ ጎማ ላይ ነው፤ ጉድጓድ በተገኘ ቁጥር ኮርኒሱን በራሴ እሳለማለሁ። ከጎኔ ግምቢ የምትወርድ ነጋዴ ተቀምጣለች።

"አባባ፣ ምን ሥራ ነው የሚሄዱት?"

"አንበሳ አደን" አልኳት።

ከራሴ እስከ ጉልበቴ አየችኝ፤ ጉልበቴ ላይ ትንሽ ቆየች። "ኧረ አባባ፣ አንበሳው ራሱ ያዝንልዎታል!" አለች፤ አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። እኔም ሳቅሁ፤ እውነቷን ነው። ነቀምት ስንደርስ በስድስት ብር አልጋ ያዝኩ። እራቴ አንጮቴ የሚሉት ሥራ ሥር ነበር፤ በቅቤ ታሽቶ ሲቀርብ ጥርስ አይፈልግም። የነቀምት ሰው ለእኔ ብጤ አስቦ የፈጠረው ምግብ መሰለኝ።

ባምባሲ፣ ሦስተኛው ቀን

መንዲ አድረን ስንነሳ አገሩ ወረደ፣ ሙቀቱ ወጣ። ካፖርቴን አወለቅሁ፣ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ባምባሲ ስንደርስ ከክብሬ በቀር የሚወልቅ አልቀረኝም። ቀርከሃው በመንገዱ ግራና ቀኝ ጥቅጥቅ ብሏል፤ አጥሩም ቤቱም አልጋውም ቀርከሃ ነው። አንድ ማንጎ በስሙኒ ገዛሁና ጭማቂው እስከ ክርኔ ወረደ። በየጊዜው ደረቴን እዳብሳለሁ፤ የፊት ወንበር መንገደኛ ልቤን ያመመኝ መስሎት ውሃ አቀበለኝ።

አሶሳ

ተሾመ ቢሮውን አስጎበኘኝ። ክልሉ አዲስ ነው፣ ባንዲራው አዲስ ነው፣ ማኅተሙ አዲስ ነው፤ የጽሕፈት መኪናው ግን አንድና ከእኔ እኩል ያረጀ ነው፤ አራት ክፍሎች በሰዓት ተከፋፍለው ይጽፉበታል። ሁሉም ይሮጣል። አንዱ ጠረጴዛ ተሸክሞ፣ ሌላው ጠረጴዛው የት እንደሚቀመጥ የሚገልጽ ደብዳቤ ይዞ። ደስ አለኝ፤ አገር ሲጀመር ማየት ሁሉም አይደርሰውም።

"ጋሼ፣ ቀልዱን እዚህ ይጨርሱ" አለኝ ተሾመ። "መንጌ ላይ ሰው የሚያውቀኝ እንደ ክልሉ ሠራተኛ ነው። ደግሞ ለገበያው ትክክለኛ የብረት ሚዛን ድንጋይ ሊመጣ ነው ብለን የተናገርን እኛው ነን።"

"አጎትህ ምን ያደርጋል ብለህ ነው?" አልኩት። እንዲያው ሳያውቅ የተናገረው አልነበረም።

መንጌ፣ የገበያ ቀን

በጭነት መኪና፣ ጨው ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሄድን። ገበያው በትልልቅ የማንጎ ዛፎች ሥር ነው። ወርቅ ገዢዋ ሐጃ ዘይነብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ በዕድሜ ከእኔ ቢበልጡ እንጂ አያንሱም፤ በጣታቸው ላይ ትንሽ ሚዛን አንጠልጥለዋል። ወርቅ አጣቢ ሴቶች ዙሪያቸውን ከበዋል። የወንዙን ወርቅ በወፍ ላባ ዘንግ ውስጥ ከተው በሰም ደፍነው ያመጡታል። ጥቂቱ በክብሪት እንጨት ይመዘናል፤ ብዙ ሆነው አጠራቅመው አንድ ወቄት፣ የአንድ ብር ክብደት ያህል፣ ሲሞሉ ግን ሐጃ ከቆዳ ከረጢታቸው ብሩን ያወጣሉ።

አወጡት። እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል። ግን አንበሳው! ግራ እግሩ ወደ ላይ! እኔም ጉልበቴን ረስቼ በርከክ አልኩ።

ሰላምታው እንዳለቀ ሐሳቤን ነገርኳቸው። ሐጃ የቤት ቋንቋቸው በርታ ነው፤ አማርኛቸው አጭርና ቀጥተኛ ነው፤ ትንሹንም ትልቁንም "አንተ" ይላሉ።

"ይሄ ብር አይሸጥም" አሉ። "ይሄ ብር ሥራ አለው።"

እኔ ጡረተኛ፣ ብሩ ገና በሥራ ላይ። ቢሆንም አልተበገርኩም፤ መሐረቤን ፈታሁ። "መግዛት አይደለም ሐጃ፣ መለዋወጥ። የእኔም ያው ብር ነው፤ ያው ክብደት ነው። አንበሳው ቀኙን ከማንሳቱ በቀር ልዩነት የለውም።"

ሐጃ አንዴ ብሩን፣ አንዴ እኔን አዩ። "አንተ፣ ቀኝ እያለህ ግራ ምን ያደርግልሃል?"

ሴቶቹ ሳቁ። ሐጃ ግን እጃቸውን ወደ ብሬ ሰደዱ። ሊሆን ነው! ጌታሁን ጣቱን ከቀዳዳው ሲነቅል ታየኝ። ይሄኔ አሻ የምትባል ረጅም ወርቅ አጣቢ ከኋላ፣ "መጀመሪያ ይመዘን!" አለች።

"ይመዘን እንጂ!" አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

በአንዱ ሰሐን ጥቁሩ፣ በሌላው የእኔ የሚያበራው ብር ተቀመጠ። ጥቁሩ ወረደ። የእኔው ወፍ ይመስል ወጥቶ ቀረ። ሐጃ አገላብጠው መዘኑ፤ ያው ነው። ተሾመ ፊቱ አመድ መሰለ። የወርቅ ገበያ ላይ የጎደለ ሚዛን ይዞ መገኘት ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም።

ለአሻ ቀድሞ ገባት። በቀላል ብር ከተመዘነ እነሱ ትንሽ ወርቅ ሰጥተው የሙሉ ወቄት ዋጋ ሊቀበሉ ነው። "የሽማግሌው ይሁን! የሽማግሌው ይሁን!" ብላ አጨበጨበች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት።

"ኻላስ! በቃ!" አሉ ሐጃ፤ ጭብጨባው ቆመ። "አንተ ሽማግሌ፣ ቀላል ሚዛን ይዘህ ገበያ መጣህ?"

"ወላሂ አላወቅሁም!" አልኩ፤ ወላሂ ማለት ከየት እንደመጣልኝ እንጃ።

ብሬን አንስተው በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት። "የንጉሡ አፍንጫ የታለ?"

አየሁ። የለም። ሁልጊዜ ሳየው የኖርኩትን ፊት ያን ቀን ገና አየሁት። አፍንጫም የለ፣ የአንበሳውም ጎፈር ለስልሶ ጥጃ መስሏል።

"በምን ታጥባለህ?"

"በአመድና... በሎሚ።"

"መቼ መቼ?"

"በየበዓሉ።"

"ስንት ዓመት?"

"ከሠላሳ ያልፋል" አልኩ፤ ድምፄ እየቀጠነ።

"ወላሂ በልተኸዋል! አፍንጫውን በልተህ፣ ጎፈሩን በልተህ፣ አሁን የእኔን ልትበላ መጣህ!"

ገበያው በሳቅ ተደባለቀ፤ ከጥርጣሬ ሳቅ ይሻላልና እኔም ገባሁበት። ተሾመ ብቻ አልሳቀም። ሐጃ ጥቁሩን ብር በሁለት ጣት ጠርዙን ብቻ ይዘው ወደ ዓይኔ አቀረቡት። የአንበሳው ፀጉር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

"እናቴ ሰጠችኝ። ውሃ አላየም፤ ጨርቅ አላየም። መሀሉን ሰው አይነካም። ብር ካለቀ ሚዛን ውሸት ይሆናል።"

ከውጭ ያስመጣሁት መጽሐፍ ይህንኑ በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፎታል፤ አንብቤዋለሁ፣ አስምሬበታለሁም። እጄ ግን ማንበብ አይችልም።

ልነሳ ስል ሐጃ ወደ ተሾመ ዞሩ። "የመንግሥት ብረት ሲመጣ ይሄ ብር ሥራ ይጨርሳል። ያኔ ለዚህ ሽማግሌ ነው፤ በእሱ ብር እለውጣለሁ። አንተ ምስክር።" ከዚያ የእኔን ብር ሌላ ከረጢት ውስጥ ከተው አሰሩት።

"ያንንስ ምነው አሁን ያዙብኝ?"

"እጅህ አያርፍም" አሉኝ።

ገበያው ሲበተንም በባዶ ሆድ አልሸኙኝም። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ቀረበና ሁላችንም በላን። አሻ ትልቁን ጉርሻ አጎረሰችኝ፤ "ይብሉ አባባ፣ ከዛሬ ጀምሮ ብር የለም!"

ፒያሳ፣ ቅዳሜ

አንድ ቀዳዳ ይዤ ሄድኩ፤ ሁለት ቀዳዳ ይዤ ተመለስኩ። በመንገዱ ሁሉ አንድ ነገር ሲከነክነኝ ነበር፤ ብሬን ዕድሜ ልኬን እየጠበቅሁት መስሎኝ ስፍቀው ኖሬያለሁ። የመጣው በዓል ላይ እጄ በላኝ፣ ጫማዬን ወለወልኩ። ሎሚው ለሰላጣ ዋለ፤ ባለቤቴ ተገርማለች።

ጌታሁን ታሪኩን ሰምቶ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ጣቶቹን በሁለቱ ቀዳዳዎች ከትቶ፣ "አሁንማ መነጽር ሆነልህ!" አለ። ሄደ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ሲመጣ ግን አልበሙን አልያዘም። ሻዩን ሳይጠጣ ብዙ አማሰለ።

"ወርቅ ቤት ወስጄ አስመዘንኩት" አለኝ በመጨረሻ።

"ምኑን?"

"የእኔን ነዋ።" ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እኔ ደግሞ በጥርስ ሳሙና ነበር።"

አልሳቅሁም። እግዜር ያውቃል፣ ስኳር ዕቃውን በሁለት እጄ ይዤ ነው ያልሳቅሁት። ጌታሁን ሻዩን ገፋ አድርጎ፣ "ሐጃ ሌላ ከረጢት ይኖራቸው ይሆን? የአሶሳ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" አለኝ።