በንብ መጽሐፍ ውስጥ የተሰፋው ምዕራፍ

ባለቤቴ የኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ጠራዥ ነው። የተበጣጠሰ መጽሐፍ ይፈታል፣ አንድ ላይ የታጠፉትን ገጾች፣ እጥፋቶቹን፣ በተራ ደርድሮ በክር ይሰፋል፣ ጀርባውን ሙጫ ቀብቶ ልባስ ያለብሰዋል። በዚህ ማንም አያማውም። የእኔ ጣጣ የመጣው የሚጠርዘውን ማንበብ የጀመረ ዕለት ነው።

ያነበበው መጽሐፍ ስለ ጀርመንኛ፣ እንግሊዝኛና ዘመዶቻቸው ነበር። ድሮ «ፕ» የነበረው «ፍ» ሆነ፣ «ክ» የነበረው «ህ» ሆነ እያለ ይተነትናል። በላቲን አባት «ፓተር» ሲባል በእንግሊዝኛ «ፋዘር» የሆነው ለዚህ ነው አለኝ። እሺ፣ ይሁን! ግን አንድ ነገር እንቅልፍ ነሳው። በላቲን አባት «ፓተር»፣ ወንድም «ፍራተር» ነው፤ ሁለቱም መሃላቸው ላይ ያው «ት» አላቸው። ጀርመንኛው ጋ ሲደርሱ ግን አባት «ፋተር»፣ ወንድም «ብሩደር» ብለው ተለያዩ። ለምን? መጽሐፉ እዚህ ጥያቄ ላይ ያልቃል። የመጨረሻው ምዕራፍ የለም።

ዘጠኝ ዓመት! የምግብ ጠረጴዛችን ዘጠኝ ዓመት የቃላት ካርድ ተሸከመ፤ እኛ ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን በላን። ልጄን የዳርኩት ያንን ጠረጴዛ ሳላስለቅቅ ነው። በመጨረሻ፣ ሊጠረዝ በመጣ የግሪክኛ መዝገበ ቃላት ውስጥ ፍንጩን አገኘ። በጥንቱ ቋንቋ ቃሉ ሲነገር ድምፅ ከፍ የሚልበት ቦታ ነው ለካ ሁለቱን የለያቸው፤ በወንድም ላይ ከ«ት» በፊት፣ በአባት ላይ ከ«ት» በኋላ።

«ሰው ያላየውን አየሁ!» ብሎ እጄን ይዞ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እዋሻለሁ። ለጡረታው አራት ወር ቀርቶታል። ዕድሜ ልኩን የሰው መጽሐፍ ሲሰፋ ኖሮ አንዲት ገጽ የራሱ እንድትሆን ነበር ምኞቱ።

ሰኞ ሸሚዙን ተኩሼለት ወደ ኮሌጁ የቋንቋ መምህርት ቢሮ ሄደ። ካርዶቹን አንድ በአንድ አየችለት።

«ጋሼ፣ ብቻዎን እዚህ መድረስዎ ይገርማል» አለችው። «ግን ይሄ እኮ ከተገኘ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የእርስዎ መጽሐፍ የመጨረሻ ምዕራፍም ስለዚሁ ነው።»

ታዲያ ምዕራፉ የት ገባ? ከዘጠኝ ዓመት በፊት በዚያ ሰሞን የጠረዛቸውን መጻሕፍት ከመዝገብ ለቅሞ በየመደርደሪያው አሰሳቸው። ሐሙስ ደውሎ ወርክሾፑ ጠራኝ። ፊቱ ስለ ንብ እርባታ የሚያወራ ወፍራም መጽሐፍ ተዘርግቷል፤ መጨረሻው ላይ አሥራ ስድስት ገጽ ስለ አባትና ስለ ወንድም። ስፌቱ የእሱ ነው፤ ክሩን እንደዚያ ደርቦ የሚቋጥር ሌላ ሰው የለም። ያኔ ሁለቱን በአንድ ቀን ፈትቶ እጥፋቶቹን ጎን ለጎን ሲደረድር ቀላቅሏቸዋል። ንብ አርቢዎቹም በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አንድ ቅሬታ አላቀረቡም!

«በገዛ እጅህ!» ብዬ ጮህኩበት። «በገዛ እጅህ ሰፍተህ አስቀምጠኸው!»

ክሩን በጥሶ ገጾቹን አወጣና ወደ ቋንቋው መጽሐፍ መልሶ መስፋት ያዘ። ሊጨርስ ሲል አንጀቴን በላው።

«ያገኘኸውንም በአንዲት ገጽ ጽፈህ አብረህ ስፋዋ። ማን ያያል?»

«ጠራዥ የራሱን አይጨምርም» አለኝ።

ካርዶቹን በካርቶን አሽጎ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀላቸው። ጠረጴዛዬ ተለቀቀልኝ። ዘጠኝ ዓመት የጨቀጨቅኩት ለዚህ ነበር። እስካሁን ግን ሁለታችንም ሳህናችንን ጭናችን ላይ አድርገን ነው የምንበላው።