የጊታሩ ሙጫ

የመመረቂያ ሙከራችን ለምን እንዳልሠራ ዛሬ ገባኝ። ያውም በሰው አገር፣ ካስተም በሚባለው ገበያ፣ ስልክ የምጠግንበት ሱቄ ውስጥ።

ጋምቤላ ያደገው ቾል የቸርቻቸውን ጊታር ይዞ መጣ። «ወንድሜ፣ ድምፁ ታፍኗል» አለኝ።

ጊታሩ ውስጥ ድምፅ ተቀብላ ወደ ስፒከር የምትልከው ክብ ሴራሚክ ላስቲክ በመሰለ ወፍራም ሙጫ ተለጥፋለች። ሙጫውን ፍቄ በስሱ መልሼ ለጠፍኳት። ጊታሩ ጮኸ።

«ኸላስ? በቃ ይኸው ነው?» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን ሐሳቤ ዩኒቨርሲቲ ሄዷል።

ያኔ ከላቦራቶሪ ጓደኛዬ ከሐያት ጋር እንዲህች ያለች ሴራሚክ ከአንድ ብረት ጋር አጣብቀን ነበር። ብረቱ ማግኔት ሲጠጋው በትንሹ ይለጠጣል፣ ሴራሚኳን አብሮ ይስባታል፣ እሷም ኤሌክትሪክ ትሰጣለች።

ካልኩለስ መጽሐፋችንን ጭነንባት ሙጫው እስኪደርቅ ሻይ እንጠጣ ነበር። ካልኩለስ የጠቀመን እዚያ ላይ ብቻ ነው።

ሴሚስተሩን ሙሉ ማግኔት ብናመላልስ ቮልቲሜትሩ ዜሮ። ሐያት «የእኔ ሽቦ ነው ጥፋቱ» እያለች ስንቴ ፈታ በየደችው።

የማጣበቁ ሥራ የእኔ ነበር። እንዳይላቀቅ ብዬ ሙጫውን አበዛሁት። ለካ የብረቱን መለጠጥ ሙጫው ውጦ ያስቀረው ነበር።

እናንተስ፣ ጥፋታችሁ ከዓመታት በኋላ የገባችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልሁን።

ሐያት፣ ይህን ካነበብሽ፣ ሽቦሽ ደህና ነበር።